የመንደር ውስጥ ፍጥነትና የነዋሪው ድርሻ

የውስጥ ለውስጥ መንገዳቸው በጌጠኛ ድንጋይ እንዲነጠፍ ገንዘብ አዋጥተው፣ ኮሚቴ መርጠውና ተራ ጠብቀው ያሰቡትን ያገኙ የከተማ ነዋሪዎች ብዙም ሳይቆዩ ሌላ ጥያቄ ይዘው ወደ ቀበሌ ጽህፈት ቤት ሲመለሱ ይስተዋላል። ጭቃውና አቧራው ቀርቷል። ነገር ግን ቀደም ሲል ጉድጓድ እየመረጠ በዝግታ ያልፍ የነበረው ባጃጅና ሞተር ሳይክል አሁን ሕጻናት በሚጫወቱበት ደጃፍ ሳይቆም ይበራል። ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ ሲዘገይ ነዋሪው የራሱን መፍትሔ ይወስዳል። ድንጋይ ይደረድራል፣ ግንድ ያጋድማል፣ ወይም ወፍራም ገመድ መንገዱን አቋርጦ ይዘረጋል።

ይህ ሁኔታ በሀገሪቱ በርካታ ከተሞች የታወቀ ቢሆንም እንደ ሐዋሳ ባለች ከተማ የተለየ ክብደት አለው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የምትገኘው ሐዋሳ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስትቆረቆር በፕላን የተመራች በመሆኗ መንገዶቿ ቀጥ ያሉና ሰፋፊ ናቸው። መሬቱም ሜዳ ነው። ይህ አቀማመጥ ለብስክሌት ተጠቃሚዎች የሰጠውን ምቾት ለፈጣን አሽከርካሪም አልነፈገም። ዳገት የለ፣ ጠመዝማዛ የለ፣ ፍጥነትን በራሱ የሚገታ ነገር የለም።

ከከተማዋ ክፍለ ከተሞች አንዱ የሆነው ሐይቅ ዳር ስሙ እንደሚያመለክተው ከሐይቁ ዳርቻ ጋር ይዋሰናል። በመሆኑም መንገዶቹን የሚጠቀመው የአካባቢው ነዋሪ ብቻ አይደለም። ወደ ሐይቁ ለመዝናናት የሚወርደው ቤተሰብ፣ በየሆቴሉ ያረፈው እንግዳ፣ ዓሣ ሸማቹ፣ ተማሪውና እነዚህን ሁሉ የሚያመላልሰው ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ የሚገናኙት እዚያው ነው። በበዓላት ሰሞን፣ በተለይም የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ የሆነው ፍቼ ጫምባላላ ሲከበር ወደ ሐይቁ አቅጣጫ በእግሩ የሚጓዘው ሕዝብ ቁጥር እጅግ ይጨምራል። በ2008 ዓ.ም በዩኔስኮ የማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ በዓል የሚከበርበት ጉዱማሌም የሚገኘው ከሐይቁ አቅራቢያ ነው።

ፍጥነት በመንደር ውስጥ ለምን እንደሚገድል ለማስረዳት ቀላል ስሌት ይበቃል። አንድ አሽከርካሪ ከፊቱ ሕጻን ብቅ ሲል አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ 1 ሰከንድ ያህል ያልፋል እንበል። ተሽከርካሪው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ከሆነ በዚያች ሰከንድ ውስጥ ከ8 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ደረቅ በሆነ መንገድና በጥሩ ፍሬን ሌላ 5 ሜትር ያህል ተጉዞ ይቆማል። በድምሩ ወደ 13 ሜትር ማለት ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው ግን በመጀመሪያዋ ሰከንድ ብቻ ወደ 14 ሜትር ይጓዛል። በሌላ አነጋገር የመጀመሪያው ተሽከርካሪ ቆሞ ባበቃበት ቦታ ላይ ሁለተኛው ገና ፍሬን አልነካም፤ ሕጻኑን የሚያገኘው በሙሉ ፍጥነቱ ነው። ለመቆምም በጠቅላላው 28 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። ዝናብ ያራሰው ጌጠኛ ድንጋይ ወይም ያለቀ ጎማ ሲታከልበት ርቀቱ ከዚህም ይረዝማል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1 ነጥብ 19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ ትራፊክ አደጋ እንደሚሞቱ አስታውቋል። የተሽከርካሪዎች አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ በጨመረ ቁጥር ሞት የሚያስከትል አደጋ የመድረስ ዕድል በ4 በመቶ ገደማ እንደሚጨምርም ይኸው ድርጅት ይገልጻል። እ.ኤ.አ በየካቲት 2020 በስቶክሆልም የተካሄደው ዓለም አቀፍ የሚኒስትሮች ጉባኤ እግረኛና ተሽከርካሪ በሚቀላቀሉባቸው አካባቢዎች የፍጥነት ጣሪያው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እንዲሆን የጠየቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በሀገር ውስጥ ሕግ የለም ማለት አይቻልም። በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የፍጥነት ወሰን በተሽከርካሪ ዓይነትና በመንገድ ደረጃ ተለይቶ ተደንግጓል። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ደግሞ ማንኛውም ተሽከርካሪ ተመዝግቦ ሰሌዳ እንዲለጥፍና በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ እንዲያደርግ ያስገድዳል። ሰሌዳ የሌለው ሞተር ሳይክል መንደር ውስጥ ሰው ገጭቶ ቢያመልጥ የሚጠየቀው ባለንብረትም ሆነ የሚከፍለው የመድን ድርጅት ማን እንደሆነ ለማወቅ አስቸጋሪ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድን ለእንዲህ ዓይነት ተጎጂዎችም ከፈንድ ካሣ የሚከፈልበትን ሥርዓት አካትቷል። ሆኖም ከደጃፉ ልጁን ያጣ ቤተሰብ ይህን አውቆ የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ ከቀብር በኋላ፣ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ሲነግረው ነው።

ችግሩ ያለው ሕጉ በመንደር ውስጥ ጠባቂ በማጣቱ ላይ ነው። የትራፊክ ፖሊስ በዋና መንገድና በአደባባይ ይቆማል እንጂ በእያንዳንዱ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ ሊቆም አይችልም። ቁጥጥር የሸሸ፣ ሰሌዳ ያልለጠፈ ወይም ቦሎ ያላደሰ ተሽከርካሪም የሚመርጠው ይህንኑ የመንደር መንገድ ነው። ለገጠር ሥራ ተብለው የተሠሩት ባለ ረጅም አካልና ባለ ሸካራ ጎማ ሞተር ሳይክሎችም ከአስፋልት ይልቅ በእግረኛ መንገድና በዳርቻ መሬት ለመሄድ አይቸገሩም። ከእነዚህ ውስጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰሌዳ የለጠፉ እንደሚገኙበት ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። የመስክ ሠራተኛው ከሥራ ሰዓት በኋላ በመሥሪያ ቤቱ ሞተር ሳይክል በየትኛው መንደር፣ በምን ፍጥነት እንደሚያልፍ መከታተል የትራፊክ ፖሊስን የማይጠብቅ፣ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሥራ ነው።

የባጃጅ አሽከርካሪው ፍጥነት የራሱ የገቢ ምክንያት አለው። አብዛኛው አሽከርካሪ የተሽከርካሪው ባለቤት ባለመሆኑ በየቀኑ ለባለንብረቱ የሚያስገባው የተቆረጠ ገንዘብ አለ። ለራሱ የሚተርፈው ከዚያ በላይ ያገኘው ብቻ ነው። ምልልስ በጨመረ ቁጥር ገቢው ስለሚጨምር የ5 ደቂቃውን መንገድ በ3 ደቂቃ ለመጨረስ ይቸኩላል። በዚህም ምክንያት አንዱን አሽከርካሪ አስቁሞ መገሰጽ ውጤቱ አጭር ነው። አሽከርካሪዎቹ በማህበር የተደራጁና ተሽከርካሪዎቻቸው የጎን ቁጥር የተሰጣቸው በሆኑበት ቦታ ሁሉ ነዋሪው ጉዳዩን ከማህበሩ ጋር ቢነጋገር ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ነዋሪው በራሱ የሚደረድረው ድንጋይ ግን ሌላ አደጋ ይወልዳል። በምሽት የማይታይ፣ ቀለም ያልተቀባ፣ ምልክት ያልተተከለለት ስለሆነ በመጀመሪያ የሚጥለው ፈጣኑን ባለ መኪና ሳይሆን ብስክሌተኛውንና ባለ ሞተሩን ነው። ምጥ የያዛት እናት የጫነ አምቡላንስም ያንኑ ድንጋይ ያቋርጣል። የ1996 ዓ.ም የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ስለሚፈጸም የሰው መግደል ሲደነግግ አሽከርካሪን ብቻ ለይቶ አልጠቀሰም። በመሆኑም ድንጋይ ያጋደመ ሰው ለሚደርሰው ሞት ተጠያቂ የሚሆንበት አጋጣሚ እንዳለ ነዋሪው ሊያውቀው ይገባል።

ደረጃውን የጠበቀ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ከዚህ በእጅጉ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ በ1970ዎቹ በብሪታኒያ የመንገድ ምርምር ተቋም ተጠንቶ በብዙ ሀገሮች የተለመደው ዓይነት 3 ነጥብ 7 ሜትር ያህል ርዝመትና ከ7 ነጥብ 5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው፣ ቀስ ብሎ ወጥቶ ቀስ ብሎ የሚወርድ ጉብታ ነው። ዓላማው ተሽከርካሪን መስበር ሳይሆን በዝግታ የሚያልፈውን ሳያናውጥ ፈጣኑን ብቻ ማስጨነቅ ነው። አንድ ጉብታ ብቻውን መሥራቱም ብዙ አይጠቅምም፤ አሽከርካሪው ጉብታውን እንዳለፈ ያጣውን ጊዜ ለማካካስ ይበልጥ ይፈጥናልና።

ነዋሪዎች በራሳቸው እርምጃ የጀመሩት ነገር ወደ ሕግ ያደገበት አጋጣሚ በዓለም ላይ አለ። በኔዘርላንድስ ዴልፍት ከተማ እ.ኤ.አ በ1960ዎቹ መጨረሻ በሰፈራቸው በሚያልፉ መኪኖች የተማረሩ ነዋሪዎች የመንገዳቸውን ንጣፍ ነቅለው አሽከርካሪዎች ተጠማዘው በዝግታ እንዲያልፉ አስገደዱ። የከተማዋ ባለሥልጣናት ነዋሪዎቹን ከመቅጣት ይልቅ ሐሳቡን አጥንተው አሻሻሉት። እ.ኤ.አ በ1976ም እግረኛ ቅድሚያ የሚያገኝበት የመኖሪያ መንገድ በሀገሪቱ ሕግ ዕውቅና አገኘ። ለሀገራችን ይበልጥ የሚቀርበው ግን የዳሬሰላም ተሞክሮ ነው። በታንዛኒያ በትምህርት ቤቶች ዙሪያ የእግረኛ መንገድ፣ ጉብታና ምልክት በአነስተኛ ወጪ የሠራው ፕሮግራም በተማሪዎች ላይ የሚደርሰውን የአካል ጉዳት ቢያንስ በ26 በመቶ እንደቀነሰ በጥናት ተረጋግጧል። በ2011 ዓ.ምም ዓለም አቀፍ የከተሞች ሽልማት አግኝቷል። በአዲስ አበባም በ2009 ዓ.ም አካባቢ በለገሃር መገናኛ መንገድ ላይ በቀለምና በተንቀሳቃሽ መከለያዎች ብቻ የእግረኛው ቦታ እንዲሰፋ የተደረገው ሙከራ ብዙ ገንዘብ ሳይወጣ የመንገድን ቅርጽ መለወጥ እንደሚቻል አሳይቷል።

ታዲያ የነዋሪው ጥያቄ ወደ ጽህፈት ቤት ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው "ተሽከርካሪዎች በፍጥነት እያለፉ አስቸግረውናል" በሚል ጥቅል አቤቱታ ነው። ይህን የተቀበለ ባለሙያ የት፣ መቼ፣ ምን ያህል ብሎ ሲጠይቅ መልስ አያገኝም፤ ደብዳቤውም መዝገብ ቤት ይቀራል። ነዋሪው ራሱ ሊለካው የሚችለው ነገር ግን አለ። በመንገዱ ዳር 50 ሜትር ተለክቶ በሁለቱም ጫፍ ምልክት ይደረጋል። ከዚያም ተሽከርካሪው ከአንዱ ምልክት እስከ ሌላው የሚፈጅበት ጊዜ በእጅ ስልክ ይያዛል። 6 ሰከንድ ከፈጀበት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ ነው። 3 ነጥብ 6 ሰከንድ ከሆነ 50፣ 3 ሰከንድ ብቻ ከሆነ 60 ኪሎ ሜትር ደርሷል ማለት ነው። ይህ የቅጣት ማስረጃ አይሆንም። ሆኖም ተማሪዎች በሚገቡበትና በሚወጡበት ሰዓት ለጥቂት ቀናት ተመዝግቦ፣ የተሽከርካሪው ዓይነትና ሰሌዳ ያለው መሆን አለመሆኑ ታክሎበት ሲቀርብ ለመሐንዲሱም ለትራፊክ ፖሊስም የሥራ መነሻ ይሆናል። ፖሊስ ቁጥጥሩን በየትኛው ሰዓት ቢያደርግ ሰሌዳ አልባ ሞተሮችን እንደሚያገኝ ከዚህ መዝገብ ይረዳል።

መዝገቡን የሚይዘው ማን ይሁን ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከመንደሩ አይርቅም። መንገዱ ሲነጠፍ መዋጮ የሰበሰበው ኮሚቴ አብዛኛውን ጊዜ ሥራው ሲያልቅ ይበተናል፤ ባይበተን የተሻለ ነበር። በየትምህርት ቤቱ ቀይ ምልክት ይዘው ታናናሾቻቸውን የሚያሻግሩ ተማሪ ትራፊኮችም የትኛው መስቀለኛ መንገድ አስጊ እንደሆነ ከማንም ይበልጥ ያውቃሉ። አደጋ ሲደርስ ድንኳን የሚተክለው ዕድርም በአካባቢው መንገድ ስንት ሰው እንደተቀጠፈ ያስታውሳል። በትራፊክ መዝገብ ላይ የሞቱበት ሥፍራ በዋናው መንገድ ስም ብቻ የተመዘገበላቸውን ሰዎች ዕድሩ በደጃፋቸው ያውቃቸዋል።

በጽህፈት ቤት በኩል ዋናው ማነቆ ጉዳዩ ለአንድ አካል የተሰጠ አለመሆኑ ነው። መንገዱን የሚሠራው ማዘጋጃ ቤት፣ ተሽከርካሪውን የሚመዘግበው የትራንስፖርት ዘርፍ፣ ደንቡን የሚያስከብረው ፖሊስ ነው። ቀበሌው ደግሞ አቤቱታ ይቀበላል እንጂ በጀት የለውም። ነዋሪው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለስ ከርሞ የሚያገኘው መልስ "ይመለከታቸዋል ወደሚባሉት አስተላልፈናል" የሚል ከሆነ ድንጋዩን ወደ መንገድ መመለሱ አይቀርም። ማመልከቻው በየትኛው ቀን እንደደረሰ፣ ቦታውን ማን እንዳየውና የመጨረሻው ውሳኔ ምን እንደሆነ በጽሑፍ ቢነገረው፣ ውሳኔው አይሆንም ቢሆን እንኳ፣ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። አዳዲስ መንገዶች በኮሪደር ልማት ሲሠሩም የጉብታና የእግረኛ መሻገሪያ ቦታ በንድፍ ደረጃ ከነዋሪው ጋር ቢወሰን በኋላ ንጣፍ ከመንቀል ያድናል።

ለሐዋሳ ዓይነት ሜዳማ ከተማ አንድ ቴክኒካዊ ጉዳይ መነሳት አለበት። ተዳፋት ባነሰበት መሬት ላይ መንገዱን ሙሉ በሙሉ የሚዘጋ ጉብታ የዝናብ ውሃ ያቁርና በየግቢው ያስገባል። ስለዚህ በዳርና ዳር የውሃ መውረጃ ክፍተት ይተውለታል። ይህ ክፍተት ለብስክሌተኛው መልካም ሲሆን ለፈጣኑ ሞተር ሳይክልም መሹለኪያ ይሆናል። ጉብታው ከተሠራ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በዚያው ቦታና በዚያው ሰዓት በ50 ሜትሩ ምልክት መካከል ዳግም መለካት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ባጃጁ 6 ሰከንድ ሲፈጅበት ሞተሩ አሁንም በ3 ሰከንድ የሚያልፍ ከሆነ ክፍተቱ መጥበብ ወይም በአጭር ቋሚ ምሰሶ መከለል ይኖርበታል።