የሥነ ልቡና ሕክምና በቪዲዮ ጥሪ፤ ባለሙያው በአካል ሳይመጣ መገኘት ይችላልን?

የእህል ነጋዴ በስልክ ዋጋ ይቆርጣል፤ ዱቤ ለመስጠት ግን የተበዳሪውን ፊት ማየት ይወዳል። ዋጋ በቃል ይተላለፋል፤ እምነት ግን ከቃል ሌላ ፊትንና ዐይንን ይጠይቃል። በንግድ ሰዎች ዘንድ የታወቀው ይህ ልዩነት በአሁኑ ጊዜ ለሕክምናም ዐቢይ ጥያቄ ሆኗል። ኀዘን፣ ጭንቀት ወይም ድባቴ የጸናበት ሰው በሩቅ ከተማ ካለ ባለሙያ ጋር በቪዲዮ ጥሪ ሲነጋገር፣ ባለሙያው በእውነት አጠገቡ እንዳለ ሊሰማው ይችላልን?

ጥያቄው ለጎጃም ደጋ ሰው ቀላል አይደለም። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በመካከሉም ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ ወደ ደጀን የሚያወጣው የዓባይ በረሃ መንገድ አለ። በከተማዋ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ቢሰጥም፣ በንግግር ለማከም የሠለጠኑ ባለሙያዎች በመላው አገር ጥቂቶች ሲሆኑ የሚበዙት በዋና ከተማው ይገኛሉ። ለብዙ ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ የቆየው አማኑኤልም የሚገኘው በዚያው ነው። የንግግር ሕክምና ደግሞ በአንድ ቀን የሚፈጸም አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ያህል እየሆነ ለብዙ ሳምንታት ይቀጥላል። የአውቶቡሱ ዋጋ፣ የማደሪያው ኪራይና ሱቁ ተዘግቶ የሚውልባቸው ቀኖች ሲደመሩ፣ ሕመሙን ይዞ ከቤቱ መቀመጥን የሚመርጠው ሰው ብዙ ነው።

ዘዴው ዛሬ የተፈጠረ ቢመስልም ሥሩ የቆየ ነው። በአሜሪካ በኔብራስካ ዶክተር ሴሲል ዊትሰንና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1959 ሁለቱን ወገን በሚያስተያይ ቴሌቪዥን የቡድን ሕክምና ሞከሩ፤ በ1964ም 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከኖርፎክ የአእምሮ ሆስፒታል ጋር ተገናኙ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች፣ ለድባቴና ለጭንቀት በቪዲዮ የሚሰጠው ሕክምና በአካል ከሚሰጠው ጋር የተቀራረበ ውጤት እንዳለው ያመለክታሉ። የሚያስደንቀው፣ ግንኙነቱ ላልቷል ብሎ የሚጠራጠረው ብዙውን ጊዜ ታካሚው ሳይሆን ባለሙያው መሆኑ ነው።

ማቲው ሎምባርድና ቴሬሳ ዲተን የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጽሑፍ፣ ይህን የመገኘት ስሜት ሰው በመካከል ያለውን መሣሪያ ሲረሳ የሚያድርበት ስሜት ነው ሲሉ ተርጉመውታል። እንግዲህ ዋናው ነገር መሣሪያውን የሚያስታውሰውን ሁሉ ማራቅ ነው።

ከእነዚህም የመጀመሪያው የድምፅ መዘግየት ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ድምፅ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ከ150 ሚሊ ሴኮንድ ባይበልጥ መልካም መሆኑን ይመክራል፤ ከዚያ በጣም ሲያልፍ ተነጋጋሪዎቹ ቃል ይሻማሉ። ሁለተኛው ዐይን ነው። ካሜራው ከምስሉ በላይ ስለሚገኝ፣ የሌላውን ፊት የሚመለከት ሰው ወደ ታች ያቀረቀረ ይመስላል። በጎጃም በታላቅ ፊት ዐይንን ሰበር ማድረግ ጨዋነት ስለ ሆነ፣ ባለሙያው አክብሮቱን፣ ኀፍረቱንና የካሜራውን ጠባይ ለይቶ ማወቅ አለበት።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ዝምታ ነው። ለቅሶ ቤት የደረሰ ሰው «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ መቀመጡ ብቻ ያጽናናል። በቪዲዮ ጥሪ ግን ዝምታ መስመር የተቋረጠ ያስመስላል፤ ያዘነውም ሰው እንባውን ትቶ «ይሰማል?» ብሎ ለመጠየቅ ይገደዳል። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ ዝም ቢል እያዳመጠ መሆኑን አስቀድሞ ያስረዳል።

ይህ ሁሉ ቢሟላ እንኳ የተዘጋ በር ከሌለ ከንቱ ነው። ቤተ ሰብ ተሰብስቦ በሚኖርበት ቤት ባልና ሚስት፣ አማትና ምራት እየተሰማሙ ገበናን መግለጥ አይቻልም። የደብረ ማርቆስ ነጋዴ ሊያስብበት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ድምፅ የማያሳልፍ አንድ ክፍል፣ ፊትን የሚያበራ መብራት፣ የጸና የኢንተርኔት መስመርና መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ ያዘጋጀ የሆቴል ወይም የኢንተርኔት ቤት ባለቤት በሰዓት ሊያከራየው ይችላል። የሚሸጠው ዕቃ ግን ምስጢር መሆኑን መዘንጋት የለበትም፤ ተከራዩን ለምን መጣህ ብሎ የጠየቀ ዕለት ደንበኛውን ያጣል።

መስመሩ ሁልጊዜ ላይገኝ እንደሚችልም ማሰብ ይገባል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተቋረጠው የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቆይቷል። ስለዚህ ባለሙያውና ታካሚው በምስሉ ፈንታ በተራው ስልክ የሚነጋገሩበትን ሰዓት አስቀድመው ሊወስኑ ይገባል። በራሱ ላይ ጉዳት የማድረስ ሐሳብ ላደረበት ሰው ደግሞ ምስል ብቻውን አይበቃም፤ በቅርብ ያለ ዘመድና የሆስፒታሉ ሰው ማን እንደ ሆነ ከመጀመሪያው ቀን ሊታወቅ ይገባል።

አበው ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ብለዋል። የቪዲዮ ጥሪ ይህን አባባል አይሽርም፤ መድኃኒት የሚሆነው ሰው ግን በረሃውን ሳይሻገር ሊደርስ እንደሚችል ያሳያል። ለዚህም በደጋው በኩል ቢያንስ በሩ የሚዘጋ አንድ ክፍል ሊቆየው ይገባል።