ሰማያዊው ብሎን ቀለም አልተቀባም

የአጥንት ሐኪም የብሎን ሣጥን ሲከፈት ያየ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ቀለሙ ነው። አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ወርቅማ፣ አንዱ ሐምራዊ። «ይኼ ቀለም ሰውነት ውስጥ አይላጥም?» አይላጥም፤ ቀለም የለማ!

መነሻውን ባጭሩ ልጨርሰው። ለተሰበረ አጥንት ወይም ለተበላ ዳሌ የሚገቡት ብረቶች በብዛት ከማይዝግ ብረት፣ ከታይታኒየም ወይም ከኮባልትና ክሮሚየም ቅይጥ ይሠራሉ። ሰውነት የሚያውቀው ግን ከላይ ያለውን ስስ ሽፋን ብቻ ነው።

ታይታኒየም አየር ሲነካው ወዲያው የራሱን ኦክሳይድ ይለብሳል፤ ውፍረቱ ጥቂት ናኖሜትር ነው። የሰው ፀጉር ወደ 80,000 ናኖሜትር ይወፍራል፤ እንግዲህ አስቡት። ፋብሪካው ብሎኑን ልዩ ፈሳሽ ውስጥ ነክሮ ኤሌክትሪክ ሲለቅበት ሽፋኑ በየቮልቱ በግምት 2 ናኖሜትር ይጨምራል። ወደ 30 ቮልት ሲደርስ ሰማያዊ፣ ወደ 60 ሲደርስ ቢጫ፣ ወደ 100 ሲጠጋ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ኦክሳይዱ ግን ቀለም አልባ ነው። ከሽፋኑ ላይ የሚመለሰው ብርሃን ከሥር ካለው ብረት ከሚመለሰው ጋር ሲገናኝ አንዱ ቀለም ይጠፋል፣ ሌላው ይጎላል። ዝናብ ባባራ አስፋልት ላይ የፈሰሰ ናፍጣ የሚያብረቀርቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሐኪሙ ቀለሙን የሚጠቀምበት መጠን ለመለየት ነው፤ «ሰማያዊው ይሻለኛል» ብሎ የሚያማርጥ በሽተኛ ገጥሞኝ ያውቃል።

ፈሳሹ ላይ ፍሎራይድ ከተጨመረ ደግሞ ኦክሳይዱ እየተበሳ ቀጥ ብለው የቆሙ ጥቃቅን ቱቦዎች ይሆናል። እኔ የምወደው ይኼን ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የጀርመን ኧርላንገን ተመራማሪዎች የቱቦው አፍ 15 ናኖሜትር ሲሆን ሕዋሳት አጥብቀው እንደሚይዙት፣ 100 ሲሆን ግን እንደሚሞቱ አሳዩ። በ2009 የአሜሪካ ሳንዲያጎ ተመራማሪዎች ግን 100 ናኖሜትር በሚጠጋው ላይ ሕዋሳቱ ተለጥጠው ወደ አጥንት ሕዋስነት አመሩ አሉ። ሁለቱም ስለ ግንደ ሕዋስ ነው የሚናገሩት! ክርክሩ የሚገርም አይደለም፤ ሕዋስ ብረቱን ቀጥታ አይነካም። አስቀድመው በሰከንዶች ውስጥ የደም ፕሮቲኖች ይለጠፉበታል፣ ሕዋሱም እነሱን ነው የሚጨብጠው። የሕዋሱ መጨበጫ ራስ ስፋት 10 ናኖሜትር አካባቢ ስለሆነ የገጹ ጥቃቅን ጎድጓዳ ሁሉ ለውጥ ያመጣል። ስለዚህ «ለስላሳና አንጸባራቂ ሁልጊዜ ይሻላል» የሚለው ስሕተት ነው፤ አጥንት ሸካራ ገጽ ይወዳል።

እኛ አገር ጭን ውስጥ የሚገባው ረጅም ብረት አብዛኛውን ጊዜ የማይዝግ ብረት ነው። ነፋስ መውጫ ያገኘኋቸው፣ ቤተ ልሔም ድጓ ያስመሰከሩ አንድ መሪጌታ ይኸው አለባቸው፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ማኅሌት ቆመው ያድራሉ።

«ልጄ፣ ማረሻዬ አንድ ክረምት ደጅ ካደረ ዝገት ይበላዋል። ደም ውስጥ የተነከረው እንዴት ሊሆን ነው?» አሉኝ።

«የኔታ፣ የማረሻው ዝገት እየተፈረፈረ ሌላ ብረት ያጋልጣል። የእርስዎ ብረት ግን ከመቶ 17 እስከ 19 ክሮሚየም አለበት፤ እሱ ጥቂት ናኖሜትር ሽፋን ሠርቶ ይዘጋዋል።»

«ቢፋቅስ?»

«ኦክስጅን ካገኘ መልሶ ይለብሳል።»

«ካላገኘስ?»

የቅኔ ቤት ሰው እንዲህ ነው። ብሎንና ሳህን (አጥንት ላይ የሚታሰረው ጠፍጣፋ ብረት) በሚጋጠሙበት ጠባብ ስንጥቅ ኦክስጅን ያጥራል፣ ጨው ይከማቻል፤ የማይዝገው ብረት ላይ ዝገት የሚገኘውም በብዛት እዚያው ነው። እግራቸው ውስጥ ያለውም በብሎን የታሰረ ስለሆነ ይኼንንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። «እንግዲያ አሳሪው ይጠንቀቅ» አሉ።

ልክ ናቸው፤ ቁጣዬም ለአሳሪውና ለአጣቢው ነው። ሳህኑን ወዲያና ወዲህ እያጣመሙ ማስተካከል ሽፋኑን ይሰነጥቃል፣ ብረቱንም ያደክማል። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ በረኪናው ነው። ለቀዶ ጥገና መሣሪያ 0.5 ከመቶ የክሎሪን ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ መዘፍዘፍ ይታዘዝ የነበረው ድሮ ነው፤ ዛሬም ግን ሣጥኑን ከነብሎኑ ማታ ነክሮ ጠዋት የሚያወጣ አለ። ክሎራይድ ያንን የክሮሚየም ሽፋን ነጥብ ነጥብ እያደረገ ይበሳዋል፤ በዓይን የሚታየው ቡናማ ነጠብጣብ ሲወጣ ሽፋኑ ከተበሳ ቆይቷል። እንዲህ ያለ ብሎን በብርሎ ተፈግፍጎ አብረቀረቀ ተብሎ ወደ ሣጥኑ አይመለስም፤ ይጣላል።