የአፍሪካ የእንጨት ቅርጽና መንፈሳዊ ግብሩ

በብዙ የአፍሪካ አገሮች ጠራቢው ዛፉን ከመቁረጡ አስቀድሞ መሥዋዕት አቅርቦ በዛፉ ያደረውን መንፈስ ፈቃድ መለመን ሥርዓት ስለ ሆነ፣ ከእጁ የሚወጣው ምስል ገና ከሥሩ ለአምልኮ የተለየ ነው።

መንታ መውለድ እጅግ በበዛበት በናይጄሪያው የዮሩባ ሕዝብ ዘንድ፣ መንቶች አንዲት ነፍስ ይካፈላሉ ተብሎ ስለሚታመን፣ ከሁለቱ አንዱ በሞት ሲለይ ወላጆቹ ኢፋ የተባለውን የጥንቆላ ምሥጢር የሚያውቀውን ካህን፣ ባባላዎን፣ ጠይቀው፣ ኢቤጂ የሚባለውን፣ ቁመቱ ከስንዝር ጥቂት የሚያልፈውን ምስል ያስጠርባሉ። የሞተው ሕፃን ቢሆንም ምስሉ የጎልማሳ አካል አለው፤ እናቲቱም ታጥበዋለች፣ ታለብሰዋለች፣ ምግብ ታቀርብለታለች፣ ገላውንም በቀይ የእንጨት ዱቄት ታሸዋለች። ከመታጠብና ከመታሸት ብዛት ዓይኑና አፍንጫው ጠፍቶ ፊቱ የለዘበ ኢቤጂ ያየ ሰው፣ የእናት ሐዘን በእንጨት ላይ የጻፈውን ያነባል፤ ኀዘንተኛን ለማጽናናት ከዚህ የሚልቅ ጥበብ አላውቅም።

በኮንጎ ወንዝ አፍ አካባቢ የሚኖሩት የኮንጎ ሕዝቦች ንኪሲ ንኮንዲ የሚሉት ምስል ግብሩ እንደ ዳኛ ነበር፤ ንጋንጋ የተባለው የሥርዓቱ መሪ በምስሉ ሆድ መድኃኒት ከትቶ በመስተዋት ይከድነው ነበር፤ ባለጋራዎችም ሲማማሉ ምስማር ይተከልበት ስለ ነበር፣ ገላውን የሸፈነው ብረት የመሐላ መዝገብ ነው።

ቤተ መዘክሮች እንዲህ ያለውን ሥራ ለብዙ ዘመን «ሠሪው ያልታወቀ» እያሉ ማኖራቸው ታላቅ በደል ነው፤ በአገሩማ ጠቢቡ በስሙ ይታወቃል፣ በግጥምም ይወደሳል። ለምሳሌ ዮሩባዊው ጠራቢ የኢሴው ኦሎዌ ለኢኬሬ ቤተ መንግሥት የጠረበው መዝጊያ በ1924 እ.ኤ.አ. በለንደን ዌምብሌይ ኤግዚቢሽን ታይቶ ስለ ተደነቀ፣ የኢኬሬው ንጉሥ በእንግሊዝ አገር የተሠራ ዙፋን በልዋጩ ተቀብሎ ለብሪቲሽ ሙዚየም አሳልፎታል።

በአገራችንም ኮንሶዎች ለሞተ ጀግና ዋካ የሚባል የእንጨት ምስል ያቆማሉ፤ ጀግናው በመካከል፣ ሚስቶቹ በግራና በቀኝ፣ የገደላቸው ጠላቶችና አራዊትም አብረው ተጠርበው ይቆማሉ፤ ስለዚህ ዋካ መታሰቢያም ታሪክም ነው። የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ቢመዘገብም፣ ብዙ ዋካዎች ቀድሞውኑ ከመቃብራቸው ተነቅለው ለገበያ ተሸጠዋል። ዋካ በእጁ የገባ ሰው ቢኖር፣ የያዘው የሌላ ቤተሰብ አባት መታሰቢያ መሆኑን ዐውቆ ወደ ኮንሶ ይመልስ።