በግሸን አምባ የነፍሰ ጡር ገበታ

አምባሰል ማለት «የማር አምባ» ማለት ነው ይባላል፤ «አምባ» የእኛው ቃል፥ «አሰል» ደግሞ በዐረብኛ ማር ነውና። በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ግን ስለ ማሩ ሳይሆን፥ በነፍሰ ጡር ሴት ደም ውስጥ ከልክ በላይ ስለሚገኘው ስኳር ነው። ከአምባሰልም ግሸንን የመረጥነው፥ በከተማ ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው የምግብ ምክር ከአምባው ላይ ሲደርስ ይሠራ እንደ ሆነ ለመመርመር ነው። እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች እንጂ ሐኪሞች አይደለንም፤ ስለዚህ መድኀኒት አናዝም። ገበታውን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ከሁሉ አስቀድሞ በሽታው ምን እንደ ሆነ እናስረዳ። የበላነው እንጀራ፥ ቂጣና ቆሎ በሆድ ከተፈጨ በኋላ አብዛኛው ወደ ስኳርነት ተለውጦ በደም ይዞራል። ይህን ስኳር ከደም ወደ ሰውነት የሚያስገባው ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው። ሴት ባረገዘች ጊዜ ግን ከእንግዴ ልጁ የሚወጡት ሆርሞኖች የኢንሱሊኑን ሥራ ያዳክሙታል። የብዙዎቹ ሴቶች ቆሽት ሥራውን ጨምሮ ይቋቋመዋል፤ የአንዳንዶቹ ግን ስለማይችል ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል። የእርግዝና የስኳር በሽታ የሚባለው ይህ ነው። እንግዲህ «ጣፋጭ ስላበዛች ነው» ብሎ ሴቲቱን መውቀስ ስሕተት ነው።

ትርፉ ስኳር ወደ ፅንሱ ስለሚያልፍ ልጁ ከመጠን በላይ ይገዝፋል፤ ምጡም ይከብዳል፤ ልጁ እንደ ተወለደም የደሙ ስኳር በድንገት ሊወርድ ይችላል። «ወፍራም ልጅ ወለደች» መባል በአገራችን ምስጋና ስለ ሆነ፥ አደጋውን አደጋ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። በሽታው ብዙውን ጊዜ ምልክት አያሳይም፤ የሚታወቀው በምርመራ ነው። ምርመራውም በተለምዶ ከ24ኛው እስከ 28ኛው የእርግዝና ሳምንት 75 ግራም ግሉኮስ በውሃ አጠጥቶ ደምን በመለካት ይደረጋል። ይህን ለማግኘት የግሸን ሴት ከአምባው ወርዳ ወደ ጤና ጣቢያ፥ ምናልባትም እስከ ደሴ መሄድ ሊኖርባት ይችላል።

በሽታው ከታወቀ የመጀመሪያው ሕክምና ምግብ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሰናከሉበት ነገር አለ፤ ይኸውም የምክሩ ወረቀት ብዙ ጊዜ ለሌላ አገር ወጥ ቤት የተጻፈ መሆኑ ነው። አጃና ቡናማ ዳቦ ብሉ የተባለች የገበሬ ሚስት ወረቀቱን አጥፋ ታስቀምጠዋለች። እኛ የምንለው ግን፥ ለእርሷ የሚያስፈልጋት ሌላ ምግብ ሳይሆን፥ የራሷ ምግብ በሌላ አከፋፈል ነው።

አንደኛው ደንብ ማካፈል ነው። በምሳ ሁለት እንጀራ የምትበላ ሴት ያንኑ በአንድ ጊዜ ከምትጨርስ ከፊሉን ለሌላ ሰዓት ታቆየው። እንጀራን ፈጽሞ መተው ግን ለእርሷም ለፅንሱም ጉዳት ነው። ሁለተኛው ደንብ ማጣመር ነው። የምግቧ ግማሽ ጎመንና ሌላ ቅጠል፥ ሩቡ ምስር፥ ሽሮ፥ እንቁላል ወይም ሥጋ፥ የቀረው ሩብ እንጀራ ይሁን። ድንች ከእንጀራው ወገን እንጂ ከጎመኑ ወገን አይቆጠርም። ሦስተኛው ደንብ የሚጠጣውን መጠበቅ ነው። ስኳር የበዛበት ሻይ፥ ብርዝና ለስላሳ መጠጥ ቶሎ ወደ ደም ይገባሉና ይቅሩ፤ ጠላና ጠጅም ለነፍሰ ጡር አይበጁም።

የአንድ ቀን ገበታ ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል። ጧት ሆርሞኖቹ የሚበረቱበት ሰዓት ስለ ሆነ ቁርሱ ትንሽ ይሁን፤ ቁራሽ የገብስ ቂጣ ከእንቁላል ጋራ፥ በጾም ከተቀቀለ ሽምብራ ጋራ። በ4 ሰዓት ሽምብራ የተቀላቀለበት አንድ እፍኝ ቆሎ። በ7 ሰዓት እንጀራ በወፍራም ሽሮና በብዙ ጎመን። በ10 ሰዓት የባቄላ ንፍሮ። ማታ በ1 ሰዓት ጥቂት እንጀራ በምስር ወጥ፤ በፍስክ ቀን ዓሣ ከሐይቅ ከተገኘም መልካም ነው። ከመኝታ በፊት አንድ ስኒ ወተት፥ በጾም ጥቂት ለውዝ። ቡና ሲፈላ አንድ ሲኒ ያለ ስኳር ይበቃታል። ከምግብ በኋላ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ መራመድ ስኳሩን ያወርዳል፤ መራመድ ስንል ግን እንስራ አዝሎ ዳገት መውጣት ማለታችን አይደለም።

ስለ ጾም ሳናነሣ ብናልፍ ነገራችን ጎዶሎ ይሆናል፤ ግሸን ደብረ ከርቤ መስከረም 21 ቀን ምእመናን ከየአገሩ የሚሰበሰቡባት ደብር ናትና። ሽሮው፥ ምስሩ፥ ሥልጆው ለዚህች ሴት የተስማማ ምግብ ስለ ሆነ፥ ችግሩ የጾሙ ምግብ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ ቆይቶ ከዚያ ብዙ መብላት ስኳሩን መጀመሪያ ያወርደዋል፥ ቀጥሎም ያንረዋል። ለነፍሰ ጡር ማቅለል የቤተ ክርስቲያን ልማድ ስለ ሆነ የነፍስ አባቷን ታማክር። እስላም እኅቶቻችንም ለራሳቸው ወይም ለፅንሱ ከሰጉ በረመዳን እንዲያፈጥሩ ሃይማኖታቸው ይፈቅድላቸዋል። ኢንሱሊን የምትወስድ ሴት ደግሞ ቢያልባትና ቢያንቀጠቅጣት ስኳሩ ወርዶባታልና፥ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣ ወዲያው ትጠጣ።

ይህ ሁሉ መሠራቱ የሚታወቀው በመለካት ነው። የተለመደው ግብ ከምግብ በፊት ከ95፥ ከበሉ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከ140፥ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከ120 ሚሊ ግራም በዴሲሊትር በታች ነው። በምግብ ብቻ ካልወረደ ሐኪሙ ኢንሱሊን ይጨምራል፤ ይህም የሴቲቱ ስንፍና አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የቤተ ሰቡ ጉዳይ ነው። በአንድ ገበታ ዙሪያ እየተጎራረሱ መጠንን ማወቅ አይቻልም። አማትየዋም በፍቅር «ልጄ፥ ለሁለት ነፍስ ነውና ብዪ እንጂ!» ትላለች። ምራቲቱ እንቢ ብትል ኩራት፥ ለብቻዋ ብትበላ ነውር ይባልባታል። ስለዚህ ምክሩ ለእርሷ ብቻ መነገሩ ከንቱ ነው፤ ባልና አማት አብረው መስማት አለባቸው። ገበታው ሳይቀርብ ድርሻዋ በሳሕን ተለይቶ ይቀመጥላት፤ እዚያው ከሰው ጋራ ተቀምጣ ትብላ። ይህን ለማድረግ ገንዘብ አያስፈልግም።

ልጁ ተወልዶ እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ስኳሩ ብዙውን ጊዜ ወደ ልኩ ይመለሳል። ነገር ግን እንዲህ ያለች ሴት ወደ ፊት በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድሏ ከሌላው ይበልጣልና፥ ከወለደች ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ እንደ ገና ትመርመር። ለዕረፍት ወደየአገራችን የምንሄድ ተማሪዎችም ሌላ ነገር ባንችል፥ ይህን ለእናቶቻችን ቡና ሲፈላ እናንብብላቸው።