የስቲከር ቢላዋና የመዳብ መስመር፦ በቤት ስለሚሠራ ሰርኪዩት ቦርድ የሚባለውና እውነቱ

«ቦርዱ ተቃጥሏል» የሚለው ቃል በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ላይ ባለችው ሞያሌ ውስጥ እንደ ፍርድ ይቆጠራል። ጥገና ቤት የገባ የሶላር መቆጣጠሪያ አንዴ ይህ ከተባለበት ደህና ደህናው ዕቃ እየተነቀለ ለሌላ ይውላል እንጂ ወደ ባለቤቱ አይመለስም። ቦርዱን እንደ አዲስ መሥራት የሚቻል ነገር ተደርጎ አይታሰብም። የኬንያዋ ሞያሌ ከናይሮቢም ከአዲስ አበባም ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ የጎደለውን ከሁለቱ ከተሞች መጠበቅ ልማድ ሆኗል። ነገር ግን ለባጃጅ ጌጥና ለሱቅ መስታወት ስቲከር የሚቆርጠው ማሽን፣ ብዙዎች ፕሎተር የሚሉት፣ ቀላል ቦርድ ለመሥራት ይበቃል። የማይበቃበትም ቦታ አለ። የሚችለውና የማይችለው የቱ እንደሆነ በወሬ ስለተሸፈነ አንዱ ሳይሞክር ይተወዋል፣ ሌላው ደግሞ የማይሆነውን ሲሞክር ገንዘቡንና ጤናውን ይጎዳል።

«ቦርድ ያለ ፋብሪካ አይሠራም»

የታተመ ሰርኪዩት አባት ከሚባሉት አንዱ የሆነው ፖል አይዝለር በ1936 እ.ኤ.አ. ከቪየና ወደ ለንደን የሄደ ስደተኛ መሐንዲስ ነበር። በታተመ ሰርኪዩት የሚሠራ ሬዲዮ የሠራው በተከራየው ክፍል ውስጥ ነው። የፈጠራ መብት ማመልከቻውን በ1943 አስገባ፤ አሠራሩም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለፀረ አውሮፕላን ጥይት ማፈንጃ ሲውል ነው የዓለም ኢንዱስትሪ ትኩረት የሰጠው። መሠረታዊ ሐሳቡ እስከ ዛሬ አልተለወጠም፦ ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ሰሌዳ ላይ ስስ መዳብ ይለበጣል፣ እንዲቀር የሚፈለገው ክፍል ይሸፈናል፣ ያልተሸፈነውን ኬሚካል ይበላዋል። ፋብሪካ የሚሸፍነው ብርሃን በሚነካው ፊልም ነው። በቤት ደግሞ የማይለቅ ቀለም ባለው እስክሪብቶ፣ ከሌዘር ፕሪንተር በሚወጣ ዱቄት ቀለም፣ ወይም በስቲከር መሸፈን ይቻላል።

የስቲከሩን መንገድ በዓለም ካስፋፉት መካከል ፋብ ላብ የሚባሉት ወርክሾፖች ይገኙበታል። መነሻቸው የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ መምህር ኒል ገርሸንፌልድ ማንኛውንም ነገር ከሞላ ጎደል ለመሥራት የሚያስችል ትምህርት ብሎ በ1998 እ.ኤ.አ. የጀመረው ኮርስ ነው። በፋብ ላብ መደበኛ የመሣሪያ ዝርዝር ውስጥ ከሌዘር መቁረጫው ጎን ስቲከር መቁረጫም አለ። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲም የራሱ ፋብ ላብ አለው።

«ቢላዋው ሰሌዳውን ይቆርጠዋል»

አይቆርጠውም። የማሽኑ ቢላዋ ጫፍ ከመርፌ ብዙም አይወፍርም፤ ጠንካራውን የፋይበር ሰሌዳ ከነካ ይሰበራል። የሚቆርጠው ስቲከሩን ብቻ ነው፣ እሱንም ከኋላው ያለውን ወረቀት ሳይበሳ። ከዚያ መዳቡ መበላት ካለበት ቦታ ላይ ያለው ስቲከር በወረንጦ ይነሣል። የቀረው በማሻገሪያ ፕላስቲክ ተለጥፎ በመዳቡ ላይ ያርፋል። መዳቡ አስቀድሞ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ተፈትጎ በአልኮል መጠረግ አለበት። የጣት ቅባት የነካው ቦታ ላይ ስቲከሩ ይለቃል፣ ኬሚካሉም ከሥሩ ይገባል።

ኬሚካል ጨርሶ የማይፈልግ ሌላ መንገድም አለ፤ ከጀርባው ሙጫ ያለውን ስስ የመዳብ ቴፕ በቀጥታ መቁረጥ። አዲስ ቢላዋ ይፈልጋል፣ ፍጥነቱም በሰከንድ ከ2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ለጥቂት ኤልኢዲ መብራቶች ወይም ለሚተጣጠፍ ነገር ጥሩ ነው። የብየዳ ሙቀት ግን ሙጫውን ስለሚያላላው ፈጠን ብሎ መበየድ የግድ ነው።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው በቆረጣው አይደለም፣ ከዚያ በፊት ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ፕሎተር መስመርን እንደ ፕሪንተር ቀለም አይሞላም፣ የቅርጹን ዳር ዳር ብቻ ይከተላል። የመስመሩና የብየዳው ቀለበት ቅርጾች ተደራርበው ከቀሩ ቢላዋው በመገናኛቸው ላይ ያልፋል፣ መስመሩም እዚያው ይበጠሳል። ስለዚህ ኪካድ በመሰለ ነፃ ፕሮግራም የተነደፈው ቦርድ ኢንክስኬፕ ወደሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ተወስዶ መስመሮቹ ሁሉ ወደ ቅርጽ ተለውጠው አንድ ላይ መዋሐድ አለባቸው።

«ሥዕሉ ሁልጊዜ መገልበጥ አለበት» የሚለውም ከዚህ ጋር አብሮ ይወራል። ወሬው የመጣው ከሌዘር ፕሪንተር ዘዴ ነው። በዚያ ዘዴ ወረቀቱ በፊቱ ተደፍቶ ስለሚተኮስ ሥዕሉ በራሱ ይገለበጣል። ስቲከር በማሻገሪያ ፕላስቲክ ሲያልፍ ግን ፊቱ ወደ ላይ እንደሆነ ይቀራል፤ ማሽኑ ላይ የታየው ቦርዱ ላይ ይታያል። መዳቡ ከላይ በኩል ከሆነ እንዳለ ይቆረጣል። ዕቃዎቹ ከላይ ተተክተው መዳቡ ከታች የሚሆን ከሆነ ደግሞ ፕሮግራሙ የታችኛውን ክፍል ከላይ እንደሚታይ አድርጎ ስለሚያሳየው መገልበጥ ያስፈልጋል። ይህን ያልለየ ሰው ቦርዱን ጨርሶ፣ ቀዳዳውን በስቶ፣ የአይሲው እግሮች ግራና ቀኛቸው ተቀያይሮ ያገኛቸዋል።

«መስመሩ በቀጠነ ቁጥር ቦርዱ ይሻላል»

ከሁሉም ይበልጥ የሚጎዳው ግምት ይህ ነው። ሰው የስልክን ቦርድ አይቶ ጥራት ማለት ቅጥነት ይመስለዋል፣ በስቲከርም እንደዚያ ለመሥራት ይሞክራል። አይሆንም። በእርጋታ ለሚሠራ ሰው ተራ ስቲከር ግማሽ ሚሊ ሜትር መስመር ይይዛል፤ 1 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ያለ ሐሳብ የሚሠራበት። እግሮቹ በ2.54 ሚሊ ሜትር የተራራቁ አይሲ በቀላሉ ይገባል፣ 1.27 ሚሊ ሜትር የሆነውም በጥንቃቄ ይሆናል። የስልክ ቦርድ ግን በላይ በላዩ የተነባበሩ የመዳብ ንጣፎችና በሌዘር የተበሱ ደቃቅ ቀዳዳዎች ያሉት ነውና በቢላዋ አይሞከርም።

ሆኖም ሞያሌ ውስጥ የሚቃጠለው ብዙ ነገር ሰፊ መስመር የሚፈልግ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ከብቱን የሚጠብቀው ሰው ስልኩን የሚሞላው በሶላር ነው፤ የሶላር መቆጣጠሪያ ሥራ ደግሞ ብዙ አምፔር ማሳለፍ ነው። በተለመደው ሰሌዳ ላይ ያለው መዳብ 35 ማይክሮን ይወፍራል። በዚህ ውፍረት 1 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መስመር ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በላይ ሳይጨምር የሚያሳልፈው ከ2 አምፔር እምብዛም አይበልጥም። ከ100 ዋት ፓነል የሚመጣው 6 አምፔር ያህል 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ይፈልጋል። 10 አምፔር ከሆነ ከ7 ሚሊ ሜትር በላይ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን መስመር የስቲከር ቢላዋ ሳይቸገር ይቆርጠዋል፤ ርካሽ መቆጣጠሪያ ላይ ከሚታየው ቀጭን መስመር የበለጠም ሙቀት ይችላል።

ስለዚህ ንድፉ ከቢላዋው ጋር መስማማት አለበት። መስመሮቹን ነጠላ ክር አድርጎ ሌላውን መዳብ ሁሉ ከማስበላት ይልቅ መዳቡን ሰፋፊ አድርጎ መተው፣ በመካከላቸው ብቻ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት መቁረጥ ይሻላል። ከስቲከሩ የሚነሣው ትንሽ ይሆናል፣ ኬሚካሉ ቶሎ ይጨርሳል፣ ቦርዱም ሙቀቱን በሰፊው ይበትናል። እኔ ለጀማሪ አንድ ነገር ብቻ ምከር ብባል የምመክረው ይህንኑ ነው።

ለ220 ወይም ለ240 ቮልት የግድግዳ ኤሌክትሪክ ግን በቤት የተሠራ ቦርድ አይሁን። ሳይበላ የቀረ ለዓይን የማይታይ የመዳብ ክር በ12 ቮልት ፊውዝ ያቃጥላል፤ በ240 ቮልት ሰው ይገድላል።

«የባትሪ አሲድ ይበላዋል»

የመኪና ባትሪ አሲድ በየጋራዡ ስለሚገኝ መጀመሪያ የሚታሰበው እሱ ነው። ነገር ግን የተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ብቻውን መዳብን አያሟሟም። ሰዓታት ጠብቆ ያልተበላ መዳብ የሚያገኝ ሰው ሌላ ነገር መጨመር ይጀምራል፣ አደጋውም የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ከበረኪና ጋር፣ ኬንያ ውስጥ ጂክ ከሚባለው ጋር፣ ሲቀላቀል ክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ክሎሪን ሳንባ ያቃጥላል፤ በጠባብ ሱቅ ውስጥ ለሞት ይዳርጋል። ሁለቱን በምንም ምክንያት አንድ ዕቃ ውስጥ ማድረግ አይገባም።

ለዚህ ሥራ የሚሆነው ፌሪክ ክሎራይድ ነው። ከኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ይገኛል፤ ናይሮቢ ውስጥ እንዲህ ያሉት ሱቆች የሚበዙት ሉቱሊ ጎዳና ላይ ነው። ትነቱ ያን ያህል አያስቸግርም፤ ቆዳንና ልብስን ግን በማይለቅ ቡናማ ቀለም ያበላሻል፣ ብረትም ይበላል። ዕቃው ፕላስቲክ፣ እጅ በጓንት፣ ዓይን በመነጽር ይሁን። ፈሳሹ ለብ ብሎ እየተወዛወዘ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል። በጣም ከሞቀ የስቲከሩ ሙጫ ይለቃል። ፌሪክ ክሎራይድ ካልተገኘ ኮምጣጤ፣ ጨውና ከፋርማሲ የሚገዛ 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ተቀላቅለው በዝግታ ይሠራሉ፤ ዕቃው ብቻ አይከደን፣ ጋዝ ስለሚያጠራቅም ይፈነዳል።

ቀዳዳ ሲበሳ የሚቦነው የፋይበር አቧራም ሳንባ ይጎዳልና ማስክ ያስፈልጋል።

«በቤት መሥራት ሁልጊዜ ይረክሳል»

ብዛት ካለው አይረክስም። ቻይና የሚገኙ ፋብሪካዎች ትንንሽ ቦርዶችን በጥቂት ዶላር ይሠራሉ፤ ሥራቸውም ከስቲከር ሥራ እንደሚበልጥ ጥርጥር የለውም። ውድ የሚሆነው ማጓጓዣውና ጥበቃው ነው። ክፍያውም በድንበሩ ሁለት ወገን አንድ ዓይነት አይደለም። በኬንያ በኩል ያለ ሰው ሳፋሪኮም ከቪዛ ጋር በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው የኤምፔሳ ቨርቹዋል ካርድ በስልኩ ይከፍላል፤ በኢትዮጵያ በኩል ያለው ደግሞ መጀመሪያ የውጭ ምንዛሪ ማግኘት አለበት። ሃያ ተመሳሳይ ቦርድ የሚፈልግ ይዘዝ። ዛሬ የተበላሸ አንድ መቆጣጠሪያ ያለው ወይም አዲስ ንድፍ የሚሞክር ሰው ግን በስቲከር ሠርቶ ማታውኑ ይፈትሸዋል። ሁለቱን ማጣመርም ይቻላል፤ ስሕተቱን በስቲከር ቦርድ ላይ ጨርሶ ከዚያ ማዘዝ።

«የተረፈውን መድፋት ነው፣ ዝገት ውሃ ነው»

ዝገት ውሃ አይደለም፣ የተሟሟ መዳብ ነው። 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰሌዳ 3 ግራም ያህል መዳብ አለው። ከዚህ ሁለት ሦስተኛው ቢበላ 2 ግራም ፈሳሹ ውስጥ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የመዳብ ጣሪያ በሊትር 2 ሚሊ ግራም ነው። ስለዚህ የአንዲት ቦርድ ትራፊ 1,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሙሉ ንጹሕ ውሃ እስከ ጣሪያው ለማድረስ ይበቃል። የበግ ጉበት መዳብን በወጉ ማስወገድ ስለማይችል በግ ከሌሎች ከብቶች ቀድሞ በመዳብ ይመረዛል። ይህ የሚነገረው ደግሞ ሕይወት ኤላ በሚባለው ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ላይ በተመሠረተበት በቦረና ምድር ነው፤ ከ2020 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. በነበረው ድርቅ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ከሽፈው ከብት ያለቀበት አገር ነው። እዚህ መዳብ ያለበትን ፈሳሽ ወደ ቦይ ወይም ወደ አሸዋ መድፋት በደል ነው ብዬ አምናለሁ።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ፌሪክ ክሎራይድ አንዴ ተሠርቶበት አይጣልም። በፕላስቲክ ጠርሙስ ስሙና አደገኛነቱ ተጽፎበት ልጅ ከማይደርስበት ቦታ ይቀመጣል፣ መዳብ መብላቱ በጣም እስኪዘገይ ድረስም ለብዙ ቦርድ ያገለግላል። ሰፊ መዳብ የሚተወው ንድፍም የሚሟሟውን ስለሚቀንስ ዕድሜውን ያራዝመዋል። ሲደክም ሰፊ የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ተደርጎ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመርበታል። አረፋው እስኪያቆም ይጠበቃል፣ አንድ ላይ ከተጨመረ ገንፍሎ ይፈስሳል። ከሥር የሚዘቅጠው አተላ ፀሐይ ላይ ውሃው ከደረቀ በኋላ ከሲሚንቶ ጋር ተለውሶ ይጠነክራል። የጠነከረው ድፍን ከውሃ መውረጃና ከከብት መዋያ ርቆ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይወገዳል። ባልዲው ለሌላ አገልግሎት አይውልም።