የሚታዘል ጀልባ፦ በአየር የሚነፋ ካያክ አመራረጥ

በአየር የሚነፋ ካያክ ተጠቅልሎ በጀርባ የሚታዘል፣ ውሃ ዳር ሲደረስ በፓምፕ ተነፍቶ ቅርጹን የሚይዝ ጠባብ ጀልባ ነው። አጽሙ አየር ነው። አንዱን ካያክ ከሌላው የሚለየውም ከሁሉ በፊት ጨርቁ የሚችለው የአየር ግፊት ነው፤ ቀለምና የመቀመጫ ምቾት ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ሐሳቡ የቆየ ነው። በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፒተር ሃልኬት የተባለ እንግሊዛዊ የባሕር ኃይል መኮንን፣ ጎማ ከጠጣ ጨርቅ ሲለበስ ካባ፣ ሲነፋ ጀልባ የሚሆን ዕቃ ሠራ፤ ጃንጥላው እንደ ሸራ ያገለግል ነበር። ባሕር ኃይሉ ብልሃቱን አድንቆ ዕቃውን ባይፈልገውም፣ የአርክቲክ አሳሹ ጆን ሬይ ተጠቅሞበታል። በኢትዮጵያም በ1968 (እ.ኤ.አ.) በካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ-ስኔል የተመራው የእንግሊዝ ቡድን ዓባይን ሲወርድ የሚነፉ ጀልባዎችን ይዞ ነበር።

መካከለኛ ቀዛፊ የሚባለው ጀልባውን ቀጥ አድርጎ መንዳትና ማዞር፣ መጠነኛ ነፋስ ተቋቁሞ ወደ ዳር መመለስ፣ ቢገለበጥም ተመልሶ መሳፈር የሚችል ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ጀማሪ ሳለ የወደደው ጀልባ ይሰለቸዋል። ርካሹ የመዝናኛ ካያክ ሰፊ ስለሆነ በቀላሉ አይገለበጥም። ነገር ግን ለስላሳ ነው፤ ቀዛፊው መሃል ሲቀመጥ ወገቡ ይሰምጣል፣ ጫፎቹ ሽቅብ ይነሳሉ፣ በእያንዳንዱ ቀዘፋ አፍንጫው ወዲያና ወዲህ ይላል። ጉልበት የሚያልቀው ጀልባውን በማስኬድ ሳይሆን በማቅናት ነው።

ለዚህ ተጠያቂው የግፊት ማነስ ነው። የተለመደው የካያክ ቱቦ ከ2 እስከ 3 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ይይዛል፤ የመኪና ጎማ 30 አካባቢ ይሞላል። ታዲያ ወለሉን ለምን በደንብ አይሞሉትም? አየር የተሞላ ከረጢት ሁሉ ክብ መሆን ስለሚፈልግ፣ ወለሉ እንደ ትራስ ይነፋና ቀዛፊውን ያንከባልለዋል። መፍትሔው ድሮፕ ስቲች የሚባለው አሠራር ነው። የላይኛውና የታችኛው ጨርቅ ርዝመታቸው እኩል በሆኑ በሺዎች በሚቆጠሩ ክሮች ይያያዛል፤ አየር ሲገባ ክሮቹ ይወጠሩና ወለሉ እንደ ሳንቃ ጠፍጣፋና ጠንካራ ይሆናል። ተቆርጦ በጎን ቢታይ ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለ የክር ሣር ይመስላል። ከ8 እስከ 10 ፒኤስአይ ይችላል። ጉድይር ኩባንያ በ1956 (እ.ኤ.አ.) የሚነፋ አውሮፕላን የሠራው በዚሁ ዓይነት ጨርቅ ነው፤ አውሮፕላኑም በርሯል።

በገበያ ላይ ያሉት እንግዲህ ሦስት ዓይነት ናቸው፦ ሁለንተናው ቱቦ የሆነ፣ ጎኑ ቱቦ ሆኖ ወለሉ ድሮፕ ስቲች የሆነ፣ ሁለንተናው ድሮፕ ስቲች የሆነ። ለሦስተኛው ጥሩ ምሳሌ የአሜሪካው ሲ ኢግል ኩባንያ የሚሠራው ሬዘርላይት ነው፤ ርዝመቱ 3.9 ሜትር፣ ስፋቱ 71 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በጸጥተኛ ውሃ ላይ ፈጣን ቢሆንም ማዕበል በጎን ሲመታው ያወላውላል። ለመካከለኛ ቀዛፊ የሚበጀው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው፣ ቅይጡ ነው። የቼኩ ጉሞቴክስ የሚሠራው ታያ የተባለው ካያክ ከዚህ ወገን ነው፤ ወለሉ ጠንካራ ስለሆነ አይጎብጥም፣ የጎን ቱቦዎቹ ደግሞ ሲያዘነብል ደግፈው ይመልሱታል።

ለሐይቅ ከ3.8 ሜትር በላይ የረዘመና ከ85 ሴንቲ ሜትር ያልሰፋ፣ ከኋላ ከታች ክንፍ ያለው ይመረጣል። የሚነፋ ካያክ ቀላልና ከውሃው በላይ ከፍ ያለ በመሆኑ ነፋስ እንደ ቅጠል ይገፋዋል፤ ያለ ክንፍ አቅጣጫ መያዝ አድካሚ ነው። ጎኑም ወፍራም ስለሆነ አጭር መቅዘፊያ ውሃውን በደንብ አያገኘውም፤ ከ220 እስከ 240 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ያስፈልጋል።

ለወንዝ ስሌቱ ይገለበጣል። በዓለት መካከል ቶሎ መዞር ስላለበት 3 ሜትር ገደማ የሆነ አጭር ጀልባ ይሻላል። ወለሉም ቀዳዳ ያለው ቢሆን ይመረጣል። ነገሩ ግራ ቢያጋባም፣ የተነፋው ወለል ከውሃው ወለል ከፍ ስለሚል፣ ማዕበል ያስገባው ውሃ በቀዳዳዎቹ በራሱ ይወርዳል። ከአንድ እስከ ስድስት በሚደርሰው የወንዝ አስቸጋሪነት መለኪያ ለመካከለኛ ቀዛፊ የሚመጥነው ሁለተኛው፣ ልምድ ካለው ሰው ጋር ሲሆን ሦስተኛው ደረጃ ነው። ለሐይቅም ለወንዝም እኩል የሚሆን የሚል ማስታወቂያ ሲገጥም፣ ለሁለቱም መካከለኛ ነው ብሎ መረዳት ይሻላል።

ጨርቁ ባብዛኛው ፒቪሲ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ግን ይከብዳል። ሃይፓሎንና ኒትሪሎን የጎማ ዘር ናቸው፤ ዋጋቸው ከፍ ቢልም በብርድ አይደርቁም፣ ሲታጠፉም አያስቸግሩም። ልዩነቱ ሲቀደድ ይታወቃል። ጎሚስታ ለጎማ የሚጠቀምበት ማስቲሽ ፒቪሲ ላይ ጸንቶ አይቆይም፤ ለየጨርቁ የተሠራው ማጣበቂያ መያዝ አለበት። አየሩ ቢያንስ በሦስት የተለያዩ ክፍሎች የተከፈለ መሆኑም ይታይ፤ አንዱ ቢተነፍስ ሌሎቹ ዳር ያደርሳሉ።

ብዙ ሰው የማያስበው ጠላት ፀሐይ ነው። በጠዋቱ ቅዝቃዜ በ3 ፒኤስአይ የተነፋ ቱቦ ዳር ተጎትቶ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ቢጨምር፣ ግፊቱ በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ያድጋል፤ ስፌቱ የሚላቀቀውም እንዲህ ሲሆን ነው። ከውሃ ሲወጣ ትንሽ ማስተንፈስ፣ ወይም ትርፉን ራሱ የሚያስወጣ ቫልቭ ያለውን መግዛት ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ እንደገና መንፋት ሊያስፈልግ ይችላል።

ጣና ላይ ጉማሬ፣ ጫሞ ላይ አዞ አለ፤ ለእነዚህ መፍትሔ የሚሆን የካያክ ዓይነት የለም፣ የአካባቢውን ሰው ጠይቆ መራቅ ብቻ ነው።

ካያኩ ከተገዛ በኋላ ወደ ውሃ ከመሄዱ በፊት ቤት ውስጥ ተነፍቶ ይደር። የሌሊት ብርድ ትንሽ ስለሚያለሰልሰው የሚፈተሸው በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ነው። በአውራ ጣት ሲጫኑት ከሰረጎደ ቫልቩና ስፌቱ የሳሙና ውሃ ይቀባ። አረፋ የሚያወጣ ከሆነ ለሻጩ ይመለስ።