ፈረስ አመል የሚያወጣው ለምንድን ነው?

ድሬዳዋ ስትነሳ ቀድሞ ትዝ የሚለን ባቡሩ፣ ባጃጁ፣ ግመሉና የቀፊራ ገበያ ነው። በከተማዋ የኮርቻ ፈረስ ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ያለው ግን ስለ ፈረሱ ሲጠየቅ ወሬውን የሚጀምረው ከአመሉ ነው። አንዱ ድልድይ አያልፍም። አንዱ ኮርቻ ሲያይ ጆሮውን ወደ ኋላ ይለጥፋል። ሌላው ከቤት ሲወጣ ይለግማል፣ ሲመለስ ግን ልጓም አይመልሰውም። “አመለኛ ነው” ይባልና ነገሩ በዚያው ይዘጋል። አመል የተባለው ነገር ሲመረመር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ሆኖ ይገኛል፦ ፍርሃት፣ ሕመም፣ ወይም ጋላቢው ሳያውቀው ያስተማረው ትምህርት። የትኛው እንደሆነ የለየ ሰው የመግራቱን ግማሽ ሥራ ጨርሷል።

የፈረሱ አገር

አጥኚዎች የኢትዮጵያን ፈረሶች በስምንት ወገን ከፍለዋቸዋል፦ የአቢሲኒያ፣ የባሌ፣ የቦረና፣ የሆሮ፣ የከፋ፣ የቁንዱዶ፣ የኦጋዴን ወይም የዊልዋል፣ እና የሰላሌ። ከእነዚህ ሁለቱ ለድሬዳዋ ጎረቤት ናቸው። የቁንዱዶ ፈረሶች በምሥራቅ ሐረርጌ፣ ፉኛን ቢራ አጠገብ ካለው ተራራ አናት ላይ ያለ ባለቤት የኖሩ፣ ቁጥራቸው እጅግ የተመናመነ ናቸው። የኦጋዴኑ ወገን ደግሞ በጅግጅጋ አካባቢ በታወቁት የሶማሌ መሪ በገራድ ዊልዋል ስም ይጠራል፤ የጅግጅጋ አውሮፕላን ማረፊያም የተሰየመው በእሳቸው ነው። ለግልቢያ ስሙ ከፍ ብሎ የሚነሳው ግን የሰላሌ ፈረስ ነው።

ፈረሱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ለመግራቱ ሥራ ይጠቅማል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። ከደጋ የመጣ ፈረስ የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ ቆላ ሲገባ ሰውነቱ ሙቀቱን እስኪለምድ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። በዚያ ጊዜ የሚታይበት ስንፍና ጠባዩ ስላልሆነ ገና ከመምጣቱ “ሰነፍ ፈረስ ገዛሁ” ማለት አይገባም።

ዓይኑና ፍርሃቱ

የፈረስ ዓይኖች በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ስለተቀመጡ፣ አንገቱን ሳያዞር ዙሪያውን 350 ዲግሪ ገደማ ያያል። የሚሰወርበት ከግንባሩ ፊት ለፊት ያለው ጠባብ ቦታና ከጭራው በስተኋላ ያለው ነው። ሰማያዊና ቢጫ ይለያል፤ ቀይና አረንጓዴ ይምታቱበታል። ከብርሃን ወደ ጥላ ሲገባ ዓይኑ ለመላመድ ከሰው ዓይን የበለጠ ጊዜ ይወስድበታል። ከቀትር ፀሐይ ወደ ከዚራ ሰፈር የዛፍ ጥላ ሲገባ ድንገት ቀጥ ቢል፣ ለጊዜው መንገዱ ስለጠፋበት ይሆናል።

በተፈጥሮው ከአውሬ በሩጫ የሚያመልጥ እንስሳ ነውና የማያውቀውን ነገር ሲያይ መጀመሪያ ይደነብራል፣ ኋላ ያጣራል። የኔ ዳማ ፈረስ ባጃጅ ለምዷል፤ ጡሩንባ ቢነፋበትም ጆሮውን ብቻ ነው የሚያዞረው። የሚያስደነግጠው ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ንፋስ የሚያንከባልለው ሰማያዊ ፌስታል ነው። ፌስታሉን ከሩቅ ሲያይ አንገቱ ይቆማል፣ ሁለቱም ጆሮዎቹ ወደ ፊት ይሾላሉ፣ አፍንጫው ይሰፋል፣ ከኮርቻው ሥር ጀርባው እንደ እንጨት ይደርቃል። በዚያች ቅጽበት ተረከዝ ከተጨመረበት ይሽከረከራል። ዛቡን ላላ አድርጌ ዝም ስል ግን አንዱ ጆሮው ወደ እኔ ይመለሳል፤ ቀጥሎ ትንፋሹን በረጅሙ ይለቅቃል፣ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል፣ አፉን ያላምጣል። ፍርሃቱ እየለቀቀው መሆኑን የማውቀው በዚህ ነው። አንድ ርምጃ ሲራመድ አንገቱን አሻሽለትና ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ፤ ያን ዕለት ከዚያ በላይ አልጠይቀውም። (ደቻቱ በክረምት መለማመጃ አይሆንም። ከተማው ላይ ሳይዘንብ ደጋ የዘነበው ዝናብ ድንገት ጎርፍ ሆኖ ይመጣል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ የብዙ ሰው ሕይወት ማጥፋቱን ድሬዎች አይረሱትም።)

ፍርሃት በልምምድ እንደሚገራ ያገራችን የፈረሰኛ ባህል ምስክር ነው። ጉግስ የሚጫወት ፈረስ በፊቱ ጋሻ ሲመከት፣ በጎኑ ዘንግ ሲወረወር ጸንቶ ይገሰግሳል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን ሲያከብር፣ በሕዝብ ሆታና በጭፈራ መካከል ያን ሁሉ ፈረስ ያረጋጋው ጥቂት በጥቂት የተሰጠው ልምምድ ነው። አባቶች ለፈረሳቸው የሰጡት ክብርም በስማቸው ቀርቷል፦ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ የሐረርጌው ገዥ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ የተባሉት በፈረስ ስማቸው ነው።

አመል የሚመስል ሕመም

ፈረስ “አመመኝ” አይልም፤ የሚናገረው በሰውነቱ ነው። ልጓም ሲገባለት ራሱን የሚወረውር ፈረስ ጥርሱ ይታይ። የፈረስ ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ ከድዱ እየወጣ በማኘክ ይሞረዳል፤ አሞራረዱ እኩል ሳይሆን ሲቀር ጠርዙ ይሾልና ጉንጩንና ምላሱን ያቆስላል። ባለሙያ ጥርሱን ሲሞርድለት “አመሉ” አብሮ የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው። ኮርቻ ሲጫን የሚናከስ ወይም ጀርባውን የሚያጎብጥ ከሆነ ደግሞ ኮርቻውን አውርዳችሁ በጀርባው ግራና ቀኝ በጣታችሁ ጫን እያላችሁ እለፉ። ቆዳው የሚርገበገብበት ወይም ሸሽቶ ዝቅ የሚልበት ቦታ ኮርቻው የሚጎዳው ቦታ ነው። ከግልቢያ በኋላም የላቡን ቅርጽ ተመልከቱ፤ በላብ በራሰው ጀርባ መካከል ደርቆ የቀረ ቦታ ካለ ኮርቻው እዚያ ላይ ከመጠን በላይ እንደተጫነ ሊያመለክት ይችላል።

ሳናውቀው የምናስተምረው

ፈረስ ሲገራ ትምህርቱ የሚገባው ጫናው ሲለቀቅለት ነው። ዛቡ ሲሳብ አፉ ይጨነቃል፤ ሲቆም ዛቡ ከላላለት “መቆም ያሳርፋል” ብሎ ይይዛል። ከቆመ በኋላም የሚጎትተው ጋላቢ ግን ቁምም ሂድም ትርጉም የላቸውም ብሎ ያስተምረዋል፤ ከጊዜ በኋላ አፉ ይደነዝዝና “ልጓም አይሰማም” ይባላል። ተረከዝም እንዲሁ ነው፤ ሲራመድ መነሳት አለበት።

ወደ ቤት ሲዞር የሚጋልበው ፈረስም ተማሪ ነው። በር ላይ ሲደርስ ወዲያው ኮርቻው ከወረደለትና መኖው ከቀረበለት፣ ቶሎ መድረስ እንደሚያሸልም ተምሯል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ በሩን አልፎ መሄድ፣ ዞሮ ትንሽ መሥራት፣ ኮርቻውንም አንዳንዴ ሌላ ቦታ አውርዶ በእግር እየሳቡ መመለስ። በአለንጋ የሚታረም ነገር እዚህ ውስጥ የለም። ግሪካዊው ዜኖፎን ከ2,300 ዓመታት በፊት በጻፈው የፈረስ ግልቢያ መጽሐፍ፣ ሰው ተቆጥቶ ሳለ ፈረስ ላይ እጁን እንዳያነሳ መክሯል፤ ምክሩ ዛሬም አላረጀም።

ሙቀት፣ ውኃና መኖ

ፈረስ በዕረፍት ቀን ከ25 እስከ 40 ሊትር ውኃ ይጠጣል፤ በድሬዳዋ ሙቀት ሥራ ሲጨመርበት ይህ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ላቡ ከሰው ላብ የበለጠ ጨው ይዞ ስለሚወጣ አሞሌ ጨው እንደልቡ የሚልስበት ቦታ ይቀመጥለት። ሥራው ፀሐይ ወጥታ ሳትበረታ ቢሆን ይመረጣል። ከምሽት እስከ ንጋት ግን ጋጣ ውስጥ ይደር፤ “የአፍሪካ የፈረስ በሽታ” የሚባለውንና ፈረስን በጥቂት ቀናት ሊገድል የሚችለውን ሕመም የሚያስተላልፉት ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች የሚበረቱት በዚያ ሰዓት ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ስለሚመረት በአካባቢያችሁ ያለውን የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ።

በሐረርጌ የመኖ ነገር ሲነሳ ማሽላ አይቀርም። ለጋ ማሽላና ከድርቅ በኋላ ያቆጠቆጠ ማሽላ መርዝ ሊይዝ ስለሚችል ለፈረስ አይሰጥም። ማንኛውም መኖ ሲቀየር ቀስ በቀስ ይሁን። ፈረስ ማስመለስ ስለማይችል ያልተስማማው መኖ መውጫ አጥቶ ሆድ ቁርጠት ሊሆንበት ይችላል፤ ቁርጠት ደግሞ ሊገድለው ይችላል።

እንዴት ይገራል? መሻሻሉስ በምን ይታወቃል?

ውርንጭላን ቶሎ መጋለብ አጥንቱን ይጎዳል፤ አራት ዓመት እስኪሞላው መታገስ አይከፋም። ከዚያም በእግር እየሳቡ መንገድ ማስለመድ፣ ባዶ ኮርቻ መጫን፣ ሰው ማስቀመጥ፣ በመጨረሻም ከርምጃ ወደ ሶምሶማ፣ ከሶምሶማ ወደ ደንገላሳ ማሳደግ ነው። ሽምጥ ግልቢያ መጨረሻ ይመጣል፤ ልብና ጡንቻ ቶሎ ይጠነክራሉ፣ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ገና በሁለተኛው ወር “በርትቷል” ተብሎ የሚያነክስ ፈረስ የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው።

የልብ ምቱን መቁጠር ደግሞ ከግምት ያወጣል። ከመንጋጋው አጥንት ሥር ጣት ሲደገፍ ምቱ ይሰማል፤ ያረፈ ፈረስ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል። በዓለም አቀፍ የረጅም ርቀት ውድድር፣ ከመሮጫው ሲመለስ ምቱ በተወሰነ ደቂቃ ውስጥ ወደ 64 ወይም ከዚያ በታች ያልወረደ ፈረስ አይቀጥልም። እናንተም ከሶምሶማ በኋላ ምቱ ስንት ደቂቃ ቆይቶ እንደሚረጋ በደብተር ጻፉ። ደቂቃው በየሳምንቱ ካጠረ ፈረሱ እየጠነከረ ነው፤ ድንገት ከረዘመ ደክሟል ወይም ታሟል፣ ይረፍ።

“ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም” ይባላል፤ ማስተዋሉም ኃላፊነቱም የጋላቢው ነው ማለት ነው። ስለዚህ ፈረሳችሁ አመል ሲያወጣ አለንጋ ከማንሳታችሁ በፊት አፉን አስመርምሩ፣ ጀርባውን ዳስሱ፣ የፈራውን ነገር በእሱ ዓይን እዩ፣ መጨረሻም እጃችሁ ምን እያስተማረው እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ።